ብርድ ልብስ አልልክም

ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 16 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወደውና ለተቆጣሁት ባለቤቴ ለፈጠነ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም። ብጠይቅህ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ነው የምትለኝ። ደህና እንዳልሆንክ ግን ሰምቻለሁ፤ ከማን እንደሰማሁ ቆይቼ እነግርሃለሁ። እኛ ደህና ነን። ልጆቹ አድገዋል፣ ትንሿ ጥርሷ ወልቆ እንደ አሮጊት ነው የምታወራው። ዝናቡ ዘንድሮ ቸኩሎ ግቢው ከወዲሁ ጭቃ ሆኗል። ያ ጣሪያ አሁንም አልጋችን ላይ ያፈሳል፣ የሚያፈሰውም በአንተ በኩል ነው። ስለዚህ በአንተ ቦታ ባኞ አስተኝቻለሁ። እሱ ቢያንስ አያንኮራፋም።

ከቆላው እርሻ የጻፍከው ደብዳቤህ ደርሶኛል። የእርሻው መኪና ቅዳሜ ኮልፌ ገበያ ፊት ለፊት ይቆማል፣ ለጥጡ አረም ሰው ስላነሰን እንደ አምናው ከሰፈሩ ጎረምሶች ሰብስበሽ ጫኚልኝ፣ ወንድምሽን ጌታሁንንም ላኪው፣ ደግሞ ምች የሚመታው ሰው ስለበዛ ወፍራም ወፍራም ብርድ ልብስ ፈልገሽ ጨምሪበት ብለሃል። አንብቤዋለሁ። መልሴ ይኸውልህ። ሰው አልጭንም። ጌታሁንን አልልክም። ብርድ ልብስም አልልክም።

«እንዴ! ይቺ ሴትዮ ምን ነካት?» ብለህ ብድግ ስትል ታየኝ። ቁጭ በል እባክህ። ጥላ ውስጥ ቁጭ በልና ጨርሰህ አንብበው።

የእትዬ እሙ ልጅ የነገሬ ዕቃ መጥቷል። ሾፌሩ ጀይሉ ነው በመኪናው ያመጣው። አንድ ሱሪ፣ አንድ ሸራ ጫማና ያንተ ጋቢ። ጋቢውን ሳየው ደነገጥኩ፤ ለሰርጋችን ብዬ ጥጡን በእጄ የፈተልኩት እኔ ነኝ፣ መቼም አይጠፋኝም። እትዬ እሙ የሞተው የእሷ ልጅ፣ ሐዘኑ የእሷ፣ ጋቢውን ግን አጥባ፣ አጥር ላይ አድርቃ፣ አጣጥፋ ይዛልኝ መጣች። ከአጥር ማዶ እስከዚህ ድረስ ለመምጣት ሁለቴ አርፋለች፤ እንዲህ ሆናለች ጎረቤታችን። ገባችና ጋቢውን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለህ? «ፈጠነን እግዜር ይባርከው። ልጄ በሰው አገር ብርድ ሳይነካው ነው የሞተው። የገዛ ጋቢውን አውልቆ አልብሶልኛል» አለችና እጄን ሳመችው። እኔም አሜን አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ። በማግስቱ እንደምታውቀው በር ዘግተን፣ መዝሙሩንም በሹክሹክታ እየዘመርን የምንጸልይበት የሲስተር ሰብሌ ቤት ሄድኩ። ሰብሌ ዘነበወርቅ ሆስፒታል የምትሠራዋ ነርስ ናት፤ «ያቺ ጴንጤ ሚስቴን ወሰደችብኝ» የምትላት። ጸሎቱ ሲያልቅ ነገሬ እንዴት እንደሞተ አንተ እንደጻፍክልኝ አድርጌ ነገርኳት። ከጠዋት ጀምሮ ሲኮተኩት እንደዋለ፣ በቀትር ራሴን ራሴን ማለት እንደጀመረ፣ እንዳስመለሰው፣ ቀጥሎ መቀባዠር ይዞ እናቱን እንደተጣራ፣ ገላው እንደ ምጣድ ግሎ ላብ የሚባል እንዳልነበረው። ከዚያ እናንተ ንፋስ እንዳይመታው ብላችሁ የቆርቆሮው መጋዘን ውስጥ አስገብታችሁ በሩን እንደዘጋችሁ፣ ዳማከሴ ጨምቃችሁ እንዳሸታችሁት፣ ላብ በላብ እንዲሆን ብላችሁ በጋቢና በብርድ ልብስ እንደጠቀለላችሁት።

 

«ጤናዬ፣ ይሄ ምች አይደለም» አለችኝ ሰብሌ። «እዚህ ኮልፌ ፀሐይ መታኝ ያለውን ሰው ብንሸፍነው፣ ዳማከሴም ብናጠጣው፣ ያልበውና ይነሳል። ቆላ ግን ሌላ ነው። እዚያ የሰውየው ገላ ሙቀቱን ማውጣት አቅቶታል። እሱን መሸፈን እሳት ላይ የተጣደ ድስት መክደን ነው።»

«ታዲያ ምን ይደረግ ነበር?»

«ልብሱን ማውለቅ፣ ጥላ ውስጥ ማስተኛት፣ ውሃ በላይ በላዩ እያፈሰሱ ማራገብ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አለመስጠት፣ ያንቀዋል። እያረጠቡ በመኪና ወደ ክሊኒክ ማሮጥ። አንዷን ደቂቃ ሳያባክኑ።»

ተቆጣኋት። «ባሌ ነው የገደለው እያልሽኝ ነው?» ብዬ ጮህኩባት፤ በሹክሹክታ የሚጸለይበት ቤት መሆኑንም ረሳሁት። ሰብሌ አልተቆጣችም። «ባልሽ የሚያውቀውን አደረገ። የሚያውቀው ግን የደጋ ነገር ነው» አለችኝ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ጀይሉን በሩን ዘግቼ፣ ሻይ እየደጋገምኩ አናዘዝኩት። እሱን እንዳትቆጣው፣ ችሎ ችሎ ነው የተናገረው። አንተም ወድቀሃል አሉ! ማሳ መሀል ዞሮብህ ወድቀህ፣ እንደ ነገሬ ተሸክመው ወደዚያው የቆርቆሮ ምድጃ አስገብተው፣ ሊጠቀልሉህ ሲሉ አንተ ብርድ ልብሱን እየወረወርክ፣ የሁሉንም እናት አባት እየተሳደብክ ሮጠህ ወጥተህ የመስኖው ቦይ ውስጥ ዘፍ አልክ አሉ። «አለቃችን ካቦው አበደ» ብለው ነበር። ፈጠነ፣ ያንን ቁጣህን ስንት ዓመት ረግሜዋለሁ! ትናንት ግን ተንበርክኬ ጌታን አመሰገንኩበት። አዞ ቢኖርበትስ ኖሮ? አዞውም ስድብህን ሰምቶ ሸሽቶ ይሆናል። እየሳቅኩ አይደለም የምጽፈው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ለእኔ «ደህና ነኝ፣ ብርድ ልብስ ላኪ» ብለህ ትጽፋለህ?

ሌላም ሰምቻለሁ። ውሃ ደጋግሞ የሚጠጣውን «ግመል» እያላችሁ ትስቁበታላችሁ አሉ። እንኳንም ግመል ሆነ! ያን አገር ከእናንተ ይልቅ ግመል ያውቀዋል። ጥላ የፈለገውን ሰነፍ፣ ውሃ ያበዛውን ግመል፣ ቀትር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆፍረውን ወንድ ትላላችሁ። ነገሬ ወንድ ተብሎ ነው የሞተው።

ትናንት የሰፈሩ ልጆች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ለመመዝገብ ደጄ መጡ። ጌታሁን ከሁሉም ፊት ቆሟል። «እቴ፣ አትቀልጂ። አምና የሄዱት ተመልሰው የለ?» አለኝ። «ነገሬስ?» አልኩት። ከዚያ ሰብሌ ያለችኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ የመሸፈኑንና የጋቢውን ነገር ብቻ ዘለልኩት፣ እትዬ እሙ አጥሩ ጥግ ቆማ ነበርና። ልጆቹ ተያዩ። አንዱ «ታዲያ አንሄድም ማለት ነው?» አለ። «ፈጠነ ካስተካከለ ትሄዳላችሁ፣ ካላስተካከለ እዚሁ ኮልፌ ጭቃችንን እናቦካለን» አልኳቸው። አጉረመረሙ፣ ግን ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ገቡ። ጌታሁን ግን ግትር ስለሆነ ጫማውን ደብቄበታለሁ። የት እንደሆነ ለአንተም አልነግርህም፣ ትጽፍለታለህ።

ስለዚህ ሰው ከፈለግህ ስማኝ። ሥራው ጎህ ሲቀድ ይጀመር፣ አምስት ሰዓት ላይ ይቁም፣ ፀሐይዋ እስክትበርድ እስከ አስር ሰዓት ማንም ማሳ ውስጥ እንዳይታይ። «የቀኑ ሥራ ይጎድላል» ትለኛለህ። ይጉደል! ነገሬስ ጎድሎ የለም እንዴ? ከዚህ ብርድ የወረደ ልጅ በማግስቱ ከነባሩ እኩል አይቆፍርም። ሰብሌ እንዳለችው ገላም አገር መልመድ አለበት፣ መጀመሪያ ሰሞን ግማሽ ቀን እየሠራ ቀስ በቀስ ይልመድ። ውሃው ማሳው ጫፍ ሳይሆን አጠገባቸው ይቀመጥ፣ ሳይጠማቸው ይጎንጩ፣ ወጣቸውም ጨው አይጉደለው፤ ላብ ጨዉን ይዞ ነው የሚወጣው። ማታ ማታ የምትገለብጧትን ካቲካላ የማላውቅ እንዳይመስልህ፣ እሷ ናት ጠዋት ደርቃችሁ እንድትነሱ የምታደርጋችሁ። ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነው ይሥሩ፣ ጓደኛውን እያየ። ራሴን ያለ፣ እግሩን የቆረጠመው፣ የዞረበት «ቻለው» አይባልም፤ ያኔውኑ ጥላ!

ማናጀሩ እሺ አይልም ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። እሺ ይላል። እሱ መሬትና ትራክተር አለው፣ ሰው ግን የለውም። ሰው ያለው ኮልፌ ነው፣ ኮልፌ ደጃፍ ላይ ደግሞ የቆምኩት እኔ ነኝ። «ሚስቴ አሻፈረኝ አለች» በለው። አፍረህ ከሆነ ራሴ እነግረዋለሁ። ከሥራ ካስወጣህም ና። ባኞውን አነሳልሃለሁ።

«ጌታ ይጠብቃችሁ» ብዬ ልጆቹን መሸኘት እችል ነበር፣ ጸሎት ቤትም እንዲያ የመከሩኝ አሉ። ጌታማ ይጠብቃል። ግን ውሃውንም ጥላውንም የሰጠን እሱ ነው፣ አልፈልግም ብለን ቀትር ላይ ቆመን መጠበቅ እምነት አይመስለኝም።

እንግዲህ ቅዳሜ መኪናው ይመጣል። ባዶውን ግን አይመለስም፣ እኔ እሳፈርበታለሁ። ሰሌን፣ ሰፋፊ ባርኔጣ፣ ሁለት እንስራና አንድ ጆንያ ጨው ይዣለሁ። ልጆቻችንን እትዬ እሙ ትጠብቅልኛለች፤ ራሷ ናት «እኔ አለሁ፣ ሂጂ» ያለችኝ። «ሴት እዚህ አገር አትችልም» ልትለኝ ነው አይደል? እችላለሁ። ውሃ እጠጣለሁ፣ ጥላ ውስጥ እቀመጣለሁ፣ ግመል በሉኝ። ይሄን ደብዳቤ ጀይሉ ነገ ይዞት ስለሚወጣ ከእኔ ቀድሞ ይደርስሃል። ሰው ሁሉ እስክደርስ ድረስ በቀትር ሥራ ያቁም። አንተም ጭምር። አንተ በተለይ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የጋቢውን ነገር ለእትዬ እሙ አልነገርኳትም፣ እስክሞትም አልነግራትም። ለአንተም ላልነግርህ ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ደግ ልብህን አውቀዋለሁ፤ ለዚያ ልጅ የራስህን ጋቢ ያወለቅኸው ሲያንቀጠቅጠው አይተህ ነው። ይሄን ስታነብ ምን እንደምትሆን እያሰብኩ ብዕሩን ሁለቴ አስቀመጥኩት። ግን ዝም ብልህ ነገ ሌላውን ትሸፍናለህ። አልቅስ ፈጠነ፣ አልቅስና ተነስ። ያኔ አላወቅህም ነበር። አሁን አውቀሃል፣ ከእንግዲህ አላወቅሁም ማለት የለም።

ጋቢውንም ይዤው እመጣለሁ። ማሳው ዳር አራት እንጨት ተክለን እንወጥረዋለን፣ በውሃም እናርሰዋለን፣ ልጆቹ ከሥሩ ይቀመጡበታል።

የእኔ ሰው፣ ጥላ አይለይህ፣ ውሃ አይጥፋብህ፣ ቁጣህም እንዳለ ይቆይልኝ።

ያንተዋ
ጤናዬ

ደብዳቤውን ላሽግ ስል እትዬ እሙ ገባች። ጋቢውን ይዤልህ እንደምመጣ ስነግራት ደስ አላት። እንደገና በእጇ እያለሰለሰች አጣጠፈችውና «ያ አገር ክፉ ነው፣ ደህና አድርጎ ይሸፈን በዪው» አለችኝ። እሺ አልኳት። አንተ ግን እንዳትሸፈን።