ለአንዲት ጥርስ ብቻ ስለተቋቋመው ኮሌጅ

ለተከበሩ ዶክተር ውበቱ፣
የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ዲን፣
ደብረ ማርቆስ።

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎስ፣ ኮምፒውተሮችዎስ ደኅና ናቸው? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ግራ ዓይኔ በእብጠት ከመከደኑና ጉንጬ መግል ቋጥሮ ከመወጠሩ በቀር ደኅና ነኝ። አማኑኤል ላይ የድጓ መምህር ነኝ፤ የማድረው በድምፄ ነው። አሁን ግን ማዜም ቀርቶ አጥሚት መዋጥ ስላቃተኝ፣ ይህችን ጽፌ በአደባባይ ላቀርብልዎ ተገድጃለሁ።

1ኛ/ በቅድሚያ ስለ ዘመናዊነትዎ አመሰግናለሁ። ተማሪዎችዎ ጥርስ መንቀልን በኮምፒውተር፣ ሥዕሉን እየነኩ ሥዕሉም እየመለሰላቸው እንደሚማሩ ስሰማ ተደንቄ ነበር፤ ኮምፒውተሩንም አልጠላሁም። ነገር ግን በውስጡ ያለው በሽተኛ አንድ ብቻ መሆኑን፣ የታመመችው ጥርሱም ሁልጊዜ ያቺው የታችኛዋ የቀኝ መንጋጋ መሆኗን፣ ሌላ በሽተኛ ይጨመርልን ሲባሉም ይቺ ትበቃችኋለች ማለትዎን የሰማሁት ከደማሁ በኋላ ነው። ጥርሴን ልነቀል ኮሌጅዎ ስመጣ የእኔ ሕመም ከላይ በግራ ነበር፤ በጣቴ ነክቼ አሳይቻለሁ። ተማሪዋ የኔአለም ግን እጇ የለመደው አንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ ጤነኛዋን የታች የቀኝ መንጋጋዬን በጉጠት ነቀለቻት።

2ኛ/ ስለ ማደንዘዣው። በኮምፒውተሩ ላይ መርፌው ከተወጋ በኋላ «ቀጥል» የሚለው ሲነካ በሽተኛው ወዲያው ይደነዝዛል አሉ። እኔ የሚነካ ቁልፍ የለኝም። መርፌው ከድዴ እንደወጣ ጉጠቱ ገባ፤ ሁለት ተማሪዎች ጉልበቴ ላይ ተጭነው፣ ሦስተኛው አንገቴን እንደሚታረድ በግ ጠምዝዞ ይዞ፣ እሷ በአንድ እጇ አፌን ከፍታ ይዛ በሌላው ስትነቀንቀው አጥንቴ ሲሰነጠቅ ድምፁን ሰማሁት። ደሙ ግማሹ በጉሮሮዬ ወረደ፣ ግማሹ ነጠላዬን አጠበው። አፌ ውስጥ ጣቷ ስለነበረ ያ አይደለም ብዬ መናገር አልቻልኩም። ስለዚህ ነከስኩ። አውራ ጣቷን አጥንቱ ጥርሴን እስኪመልሰው ድረስ ነከስኩ፤ ተረባርበው ነው ያስለቀቁኝ። በእኛ ጉባኤ ቤት መምህሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያላረመው ተማሪ ማኅሌት አይቆምም፤ ከየኔአለም ኋላ ግን አንድም መምህር አልቆመም ነበር።

ቁጥሩን ትቼ አንድ ምስጋና ልጨምር። ደጀን ላይ የጨርቅ ነጋዴው ጀማለዲን ጉንጬን አይቶ አፉን ከፈተልኝ፤ የታመመው የፊት ጥርሱ ነበር፣ የጎደለችው ግን ያቺው የታች የቀኝ መንጋጋ ናት። ከአምበርም ሁለት ሰዎች አሳይተውኛል። ሳንተዋወቅ ወንድማማች ስላደረጉን እግዜር ይስጥልን።

3ኛ/ የታመመችው ጥርሴ ዛሬም በቦታዋ አለች። የጤና ጣቢያው ባለሙያ መግሉ ወደ ዓይኔና ወደ አንጎሌ ሳይወጣ በቶሎ ትነቀል ብሎኛል፤ ይህን የሚሠራ በአካባቢያችን ከእርስዎ ኮሌጅ ሌላ የለም። እርስዎ ግን ስለነከስኩ በጽሑፍ ይቅርታ እስክጠይቅ በሩ እንዳይከፈትልኝ አዘዋል። የኔአለም ግን ጣቷን ጠቅልላ፣ እናቷን አስከትላ ቤቴ ድረስ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። ከእኔ በፊት ሕያው ሰው አፍ ውስጥ እጇን ከታ እንደማታውቅ፣ መምህር ይቁምልኝ ብላ ስትለምንዎም ኮምፒውተሩ ዘጠና አምስት ሰጥቶሻል፣ ሂጂ እንዳሏት እያለቀሰች ነገረችኝ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ነገ ጠዋት በርዎ ላይ ነኝ። ተማሪዎቼም መቋሚያቸውን ይዘው ይከተሉኛል፤ ለወረብ እንዳይመስልዎ። ወይ ይቺን ጥርስ በገዛ እጅዎ፣ አደንዝዘው፣ ጠብቀው ይነቅሏታል፤ ወይ ያ ኮምፒውተር በመስኮት ይወጣል፣ እርስዎም በዚያው መስኮት ይከተሉታል።

ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ጥርስዎም ዕድሜዎን ሙሉ እንዲጠዘጥዝዎ አጥብቄ የምመኝልዎ፣
በአንድ ዓይን የማይዎ፣ በአንድ ጉንጭ የማከብርዎ፣
መሪጌታ ወልደ ሚካኤል
ከአማኑኤል

ማስታወሻ፦ ይቅርታ ጠይቅ ብለውኛልና እነሆ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ልጄ የኔአለም፣ ይቅር በይኝ፤ መንከስ የነበረብኝ የእሳቸውን ጣት ነበር።