ምን አጠጣሽው?

ሰኞ
«እናት፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ምን አጠጣሽው?» ሐኪሙ ዛሬም ጠየቀኝ። ከጡቴ ሌላ ምንም፣ አልኩት። አላመነኝም። ናቲ አምስት ወሩ ነው። ጉበቱ አብጧል፣ ትኩሳቱ አልበርድ ብሏል። ለዚህ ሰውዬ ጉበቱ ያበጠ የጋሞ ሕፃን ሁሉ የባህል መድኃኒት ቅጠል የጠጣ ነው። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ አልኩት። ቆይቼ አፈርኩ። ያልተማርኩ የጫኖ ገበሬ ብሆንስ ውሸታም ነኝ?

ማክሰኞ
አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ከኦቾሎ መንደር ወረዱ። ናቲን አቅፈው አለቀሱና ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ ጎሜ ነው። ወግ የጣሰ ሰው ልጁ ይታመማል። ያደረግሽውን ተናዘዢ።» በቤተ ክርስቲያን የሴቶች ጸሎት ይመራሉ፤ ጎሜን ግን አልተዉም። ባሌ ጫማውን ያያል።
«ምንም አላደረግኩም።»
«ትዕቢትሽ ነው የሚገድለው!»
ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

ሐሙስ
ናቲን ሳጥበው፣ በተከተበበት ክንድ በኩል ብብቱ ሥር ጠጣር እብጠት አገኘሁ። ለሐኪሙ አሳየሁት።
«የቲቢ ክትባቱ ነው፤ ይጠፋል።»
ክትባቱ ውስጥ ያለው የተዳከመ፣ ግን ሕያው ጀርም ነው። ጉበቱም ጋ ደርሶ ቢሆንስ? አልኩት።
«ጎበዝ! ነገ ጋዋኑን ልስጥሽ?»
አልሳቅኩም። የሕፃናት ስፔሻሊስቷ ሳያዩት ከዚህ አልነቃነቅም አልኩ። አዩት። ከጉበቱ በመርፌ ናሙና ተወስዶ አዲስ አበባ ተላከ።

ዓርብ፣ በሳምንቱ
ውጤቱ መጣ። የክትባቱ ጀርም ጉበቱ ውስጥ ተገኘ። የሚደርሰው በጣም ጥቂት ሕፃናት ላይ ነው አሉ ስፔሻሊስቷ፤ ምናልባት የሰውነቱ መከላከያ ደካማ ይሆናል፣ ይመረመራል። የቲቢ መድኃኒት ለወራት ይወስዳል።
«ቅጠል አይደለም?»
«አይደለም።»
«እንግዲያው በአማቴ ፊት ይድገሙልኝ። ሐኪሙም ይስማ።»
ደገሙት። ሐኪሙ መነጽሩን ጠረገ። ይቅርታ አላለም።
አማቴ ግን፣ «ታዲያ ሰው ልጁን ለምን ያስከትባል?» አሉ።
«ቲቢ ሕፃን ስለሚገድል። ቀጣዩ ልጄም ይከተባል፤ መጀመሪያ ግን ይመረመራል።»

ቅዳሜ፣ መድኃኒት በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት
አማቴ ከሆስፒታሉ ግቢ እርጥብ ሳር ነጭተው ገቡ። በሁለት እጃቸው ይዘው ፊቴ ተንበረከኩ። በእኛ ዘንድ ሳር ይዞ ይቅርታ የለመነ ሰው እምቢ አይባልም። ይህን ያውቃሉ። ንዴቴን ገና አልጨረስኩም ነበር።
«ይነሱ፣ እማማ።» ሳሩን ተቀበልኩ። የት እንደማስቀምጠው ሳላውቅ ናቲ ነቃ። ትኩሳቱ ከትናንት ወዲህ አልተመለሰም። የመከላከያው ምርመራ ውጤት ገና ነው። ነገን አላውቅም፤ ዛሬ ግን ሁለቱንም ጡት ጠባ።