የቤት ቁጥር ስለ ተሰጣት መንኮራኩር

ግንቦት 14 ቀን 2001 ዓ.ም.
ካዛንቺስ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ቤቶች ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር በሙሉ ጤንነት፣ ከነወንበርዎና ከነማኅተምዎ በደኅና እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ወዳጆ ሊካሳ እባላለሁ። ቡልጋሪያ አካባቢ ባለ ጋራዥ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ባቲላሜራ ሆኜ፣ የተጋጨ መኪና ሳቃና ኖሬ ዐይኔ ሲደክም ያቆምኩ ሰው ነኝ። ከባለቤቴ ከወይዘሮ ጀማነሽ ጋር በወይዘሮ ዘውዲ የቀበሌ ቤት፣ ከማድቤቱ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል፣ በደባልነት ሃያ ሁለት ዓመት ኖረናል። ከመጋቢት ወር ጀምሮ ከቢሮዎ ደጅ ስለማልጠፋ መልኬን ሳይለዩት አይቀሩም።

በግልጽ ለመጻፍ የተገደድኩት በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤትዎ ገብተው ስላልወጡ ነው። መዝገብ ቤቱን አልጠረጥርም። ባለቤቴ ሰው መጠርጠር ኃጢአት ነው ስለምትል ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ፤ ጥርጣሬውን አንባቢ እንደ ፍጥርጥሩ ያድርገው።

1ኛ/ ስለ መንኮራኩሯ አመጣጥ፦ አምና የሰፈራችን ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር የሆኑት አቶ ሃይለአብ ለተማሪዎቻቸው ትርኢት የሚሆን ትልቅ የጠፈር መንኮራኩር ሞዴል እንድሠራላቸው ለመኑኝ። እኔም እዚያው ግቢያችን አፍ ላይ፣ በአሮጌ በርሜልና ከጋራዥ በተጣለ ላሜራ፣ ሰባት ሜትር የምትረዝም ነጭ መንኮራኩር አቆምኩ። በሯ ከተገለበጠ ሚኒባስ ላይ የተፈታ ነው፤ መስኮቶቿ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ክዳን ናቸው፤ ውስጧም ልጆች እየገቡ የሚቀመጡባቸው ሁለት አግዳሚዎች አሉ። ሠርቼ ስጨርስ በትምህርት ቤቱ በር እንደማታልፍ ታወቀ፤ መምህሩም እኔም የለካነው የእሷን ቁመት እንጂ የበሩን ስፋት አልነበረም። በዚህ ጊዜ ቢሮዎ በደግነቱ ባለችበት ቆማ ለሕዝብ እንድትታይ ማኅተም ያረፈበት ፈቃድ ሰጠን። ለዚህ ዛሬም አመሰግናለሁ። ዋናው ከፋይልዎ ውስጥ እንደጠፋ ስለነገሩኝ ቅጂውን ጀማነሽ በቦርሳዋ ይዛው ትዞራለች።

2ኛ/ ስለ ቆጠራው፦ ሰፈሩ ለልማት እንደሚፈርስ በተነገረ ሰሞን ባልደረቦችዎ ቀይ ቀለም ይዘው ቤት ሊቆጥሩ መጡ። ደንባቸው ቀላል ነበር፤ ወደ ደጅ የሚያወጣ በር ያለው ሁሉ ቤት ነው፣ የሌለው ቤት አይደለም። መንኮራኩሯ ወደ ደጅ የሚያወጣ በር ያውም ከነቁልፉ ስላላት በነጩ ጎኗ ላይ «612/ሀ» ብለው ጻፉባት። የእኛ ክፍል በር ግን የሚያወጣው ወደ ወይዘሮ ዘውዲ ማድቤት ነውና ሳይቆጠር ታለፈ።

እውነቱን ልናገርና በዚያ ቀን በሳቅ ልሞት ነበር። ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራሁ ቁጥሩን አሳየሁ። ጀማነሽ ግን አልሳቀችም፤ «አንተ ሰውዬ፣ ለቆርቆሮው ቁጥር ሰጥተው እኛን ዘለሉን እኮ! ምኑ ነው የሚያስቅህ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ቁጥር የሌለው ሰው ምትክ ቤት የለውም፤ ሰኔ ሠላሳ ዶዘሩ ሲመጣ እኔና እሷ ሜዳ ላይ ነን።

3ኛ/ ስለ አቶ ታዲዎስ፦ በመጋቢት ወር ምትክ ቤት የሚሰጣቸው ነዋሪዎች ዝርዝር በሰሌዳዎ ላይ ተለጠፈ። ከ612/ሀ ትይዩ አቶ ታዲዎስ የሚባሉ፣ አንድም ጎረቤት አይቷቸው የማያውቅ ሰው ስም ሰፍሯል። የቤተሰብ ብዛት አምስት፣ በቤቱ የኖሩበት ዘመን አሥራ አራት ዓመት፣ ማድቤት የግል፣ መጸዳጃ የጋራ። እንኳን ደስ ያላቸው። መንኮራኩሯ ተሠርታ ካለቀች ባለፈው ወር ገና አንድ ዓመቷ ስለሆነ፣ ቀሪውን አሥራ ሦስት ዓመት የኖሩባት በርሜል ሳለች መሆን አለበት። እኔ ጠዋት ጠዋት በሯን ከፍቼ ስጠርጋት ከአምስቱ አንዱን እንኳ አግኝቼ አላውቅም፤ አንዲት ካልሲ ረስተው አልሄዱም፤ እጅግ ንጹሕ ቤተሰብ ናቸው። የግል ማድቤቱንም አጎንብሼ ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

ጠርጣራነቴን ይቅር ይበሉኝ፤ የሙያ ጠባይ ነው። ባቲላሜራ የሚያብረቀርቅ ቀለም ሲያይ ከሥሩ ጎድጓዳው በስቱኮ ተሞልቶ እንደሆነ ለማወቅ ማንኳኳቱ አይቀርም።

4ኛ/ ስለ ተሰጠኝ መልስ፦ በአካል ቀርቤ በቃል አቤት ባልኩ በአሥራ አንደኛው ቀን መልስ ደረሰኝ፤ ለዚህ ፍጥነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ደብዳቤው የአቤቱታ ጊዜ ያለፈው ዝርዝሩ ከመለጠፉ በፊት እንደሆነ በትሕትና ያስረዳል። ቀጥሎም «በአቶ ታዲዎስ ይዞታ ውስጥ ያለ ፈቃድ እየገቡ» ስለሆነ መጥረጊያዎንና መሣሪያዎን በአምስት ቀን ውስጥ ያንሡ ይለኛል። በገዛ እጄ ከበየድኳት ውስጥ! አንብቤ ስጨርስ በንዴት መጥረጊያዬን አንሥቼ ዳግመኛ ጠረግኋት። ጀማነሽ ግን አለቀሰች። ሃያ ሁለት ዓመት ከኖረችበት ሰፈር መነቀሏ አይደለም ያስለቀሳት፤ እሱማ የሁሉም ዕጣ ነው። ያስለቀሳት እዚህ መኖሯን የሚናገር አንድም ወረቀት አለመኖሩ ነው።

መምህር ሃይለአብም መንኮራኩሯ ሞዴል እንደሆነች፣ ሰው እንደማይኖርባት ሊመሰክሩ ቢሮዎ ድረስ መጥተው ነበር። ባልደረባዎ «መምህር፣ እርስዎ የጠፈሩን ያስተምሩ፤ የቤቱን ነገር ለእኛ ይተዉት» ብሎ በፈገግታ ሸኛቸው። መስተንግዶው የሚያስመሰግን ነው።

አሁን ደግሞ የምትክ ቤት አጣሪ ኮሚቴው በመጨረሻው ማጣራት በየቤቱ ውስጥ ያገኘውን ነዋሪ ብቻ እንደሚያጸድቅ የሚገልጽ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። እኛም ሕግ አክባሪ ስለሆንን ከማክሰኞ ጀምሮ እኔና ባለቤቴ 612/ሀ ገብተናል። ወለሉ ክብ ነውና ፍራሻችን ጫፍና ጫፉ ይታጠፋል። ቀን ላሜራው ይግላል። ተማሪዎች ለጉብኝት ሲመጡ በመስኮት እያዩን ጠፈርተኞች መስለናቸው እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ጀማነሽ በነጠላዋ ፊቷን ትሸፍናለች። ታፍራለች። እኔም አፍራለሁ፤ ለልጆች መማሪያ ብዬ የሠራሁት ነገር ውስጥ ሚስቴን አስተኝቻለሁ።

ልመናዬ አጭር ነው። ወይ ያቺን ከማድቤት ጀርባ ያለች ክፍላችንን ይቁጠሩልን፣ ወይ ኮሚቴውን ሳይውል ሳያድር ይላኩልን። አቶ ታዲዎስም ከአራቱ ቤተሰባቸው ጋር ወደ ቤታቸው ቢመለሱ ቅር አይለንም፤ ሰባት ሆነን ተጠጋግተን እናድራለን።

ለሕዝብ አገልግሎት የማያንቀላፋ ዐይንዎን፣ የሌለውን ነዋሪ አይቶ ያለውን ለማለፍ የቻለውን ብርቱ ዐይንዎን እያደነቅኩ፣ በታላቅ አክብሮትና በማይነጥፍ ትዕግሥት ከወንበርዎ ሥር ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ወዳጆ ሊካሳ
ባቲላሜራ፣ የቤት ቁጥር 612/ሀ

ግልባጭ፦
ለመምህር ሃይለአብ
ከእርስዎ በላይ ላለው መሥሪያ ቤት
በመንኮራኩሯ በር ላይ የሚለጠፍ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዝርዝሩ ላይ ከአቶ ታዲዎስ ስም ጎን የሞባይል ቁጥር አለ። ቤታቸው መግባታችንን ሰው ሳይነግራቸው እኔው በአክብሮት ላስታውቃቸው ብዬ ትናንት ሐሙስ ተራዬን ስጠብቅ ከቢሮዎ ደጅ ሆኜ ደወልኩ። በርዎ ገርበብ ብሎ ነበር። ጠረጴዛዎ ላይ ያለው ሞባይል ጮኸ፤ እርስዎም አንሥተው «አቤት፣ ታዲዎስ ነኝ» አሉኝ። ደንግጬ ስለዘጋሁት ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንግዲህ ኮሚቴው ሊያጣራ ሲመጣ ፍራሽዎን ይዘው ይምጡ፤ እኛ ያለን አንድ ብቻ ነው።