ሰባት ጊዜ ያሰርኩት ሌባ

ጥቅምት 3
አሥራ አንድ ሌንስ ቆረጥኩ። አለቃ ሁለቱን መለሰብኝ... ያውም ደንበኛ ፊት። "ዓይንሽን የት አስቀምጠሽው ነው?" አለኝ። መነጽሯን ልትወስድ የመጣችው ሴትዮ ሳቀች። አራት ዓመት ሙሉ ይቺኑ ቃል። አይሰለቸውም?

ከሥራ መልስ ኮምፒውተሬ ላይ ተጣድኩ። ሌባና ፖሊስ፣ በኢንተርኔት በቡድን የምንጫወተው። እንደ ወትሮው ፖሊስ ነኝ። ሌቦቹ ባንክ ዘርፈው ሩብ ሰዓት ካመለጡን አሸነፉ ማለት ነው። "ነብሮ" የሚባለውን ድልድዩ ላይ በመኪና አጣበቅኩት። ማይኩ ላይ ጮኸ፣ "ዓይንሽን የት አስቀምጠሽው ነው?"

የአለቃ ቃል። ድምፁም ያው፣ በአፍንጫው... እሱ ሊሆን ይችላል?

ጥቅምት 4
አለቃ ስልክ ላይ ለጓደኛው፣ "ትናንት አንዷ ፖሊስ ድልድይ ላይ ጉድ ሠራችኝ" ይላል። ራሱ ነው። ማንነቴን አላወቀም። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ጥቅምት 9
ሌሎቹን ሌቦች ተውኳቸው። እሱን ብቻ። እስር ቤቱ በር ላይ ቆሜ በተፈታ ቁጥር መልሼ አስረዋለሁ። በጨዋታው ሕግ ክልክል ነው፣ አውቃለሁ። የቡድናችን መሪ፣ "ኧረ ባንኩ እየተዘረፈ ነው፣ የት ነሽ?" ይላል። ከበሩ አልተነቃነቅኩም።

ለሰባተኛ ጊዜ ሳስረው ከነብሮ ማይክ የአሮጊት ድምፅ መጣ።

"አሁንም ያዘችህ ልጄ? ምን አድርገሃት ነው?"

"እንጃ እማዬ፣ አላውቃትም።"

አላውቃትም... ደሜ ፈላ። "ዓይኔን የት እንዳስቀመጥኩት በየቀኑ ደንበኛ ፊት ይጠይቀኛል፣ እማማ" አልኩ። "አራት ዓመት ሆነው።"

ከዚያ እናትየው፣ "እውነት ነው?" አሉት። መልሱን ሳልሰማ መስመሩ ተቋረጠ።

ጥቅምት 10
ሥራ ገባሁ። አለቃ ቀና ብሎም አላየኝ። ያባርረኛል... ያባርረኝ።

ከሰዓት የቡድኑ መሪ ጻፈልኝ፦ "አንቺ ፖሊስ ሳትሆኚ ባለ ቂም ነሽ። ከቡድኑ ወጥተሻል።" መልስ ጽፌ አጠፋሁት።

ጥቅምት 14
አራት ቀን ሙሉ ትእዛዙን በወረቀት ይልክልኛል።

ጥቅምት 17
ሱቁ በደንበኛ ጢም ብሏል። አለቃ አንድ ሌንስ ይዞ ወደ እኔ መጣ። ያንኑ ቃል ጠበቅኩ። ጎንበስ አለና፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ "ማዕዘኑ ሁለት ዲግሪ ስቷል" አለኝ።

ሌንሱን ተቀበልኩት። እሱ ግን አልሄደም።

"እናቴ ይቅርታ ጠይቃት ብላኛለች። አልጠይቅሽም።"

"እኔም አልጠይቅዎትም።"

"ጥሩ" ብሎ ሄደ።

አሁንም አልወደውም። ሌንሱን መለኪያው ላይ አስቀመጥኩት... እውነትም ስቷል። ሌላ ቆረጥኩ።