ምላጭ የያዘው እጅ

ኅዳር ፱ ቀን

ለወንድሜ ለምላጩ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጎኔ ላይ ያለው ስፌት ብርድ ሲመጣ ከማሳከኩ በቀር ሰላም ነው። አንተ ዘንድ ላለችው ኩላሊቴም ሰላምታ አቅርብልኝ።

ባለቤትህ የላከችውን ፎቶ አየሁት። ያበጠው ፊትህ ጎድሏል፤ እጅህ ጸንቶ በምላጭ የደንበኛ አንገት ትላጫለህ። ቤት ያለው ሁሉ «ተመስገን» አለ። እኔ ግን ጠረጠርሁ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።

ባለፈው ስመጣ እጅህ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር የረሳሁት መሰለህ? ጡረተኛው አስተማሪ ምላጩ ጆሮው አጠገብ ሲርገበገብ አይቶ፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ከወንበሩ ዘሎ ወጣ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። አንተም አብረህ ሳቅህ፤ ከዚያ ጓዳ ገብተህ ቀረህ። ሐኪሟ ነግራናለች፤ መንቀጥቀጡም እብጠቱም ከኪኒኑ ነው። ሰውነትህ እንደ እኔ ተጠራጣሪ ነው፤ ኩላሊቴን «ይህች ባዕድ ማን ናት?» ብሎ እንዳያባርራት የሚያባብለው ያ ኪኒን ነው።

ታዲያ እጅህ በምን ጸና? ደውዬ «ሐኪሟ ኪኒኑን ቀነሰችልህ?» ስልህ ስለ አዲሱ መስታወትህ አወራኸኝ። መስታወት መቼ ጠየቅሁህ? ባለቤትህ ደግሞ «ሥራ በዝቶበት ክሊኒክ አልሄደም» አለችኝ። እሷ የዋህ ናት። እኔ ግን አውቅሃለሁ፤ ልጅ ሆነህ የሳል ኪኒንህን ምላስህ ሥር ደብቀህ ዶሮ ቤት ትተፋው ነበር። ያን ዓመት አንዲትም ዶሮ አላሳላትም።

ወንድምዬ፣ ይሄ አያሳፍርም። ለሐኪሟ «በዚህ እጅ መሥራት አቃተኝ» በላት። ደምህን አስመርምራ መጠኑን ታስተካክላለች፤ ካልሆነም በሌላ ትቀይርልሃለች። እሷ ስትቀንሰው በልክ ነው፤ አንተ በራስህ ስትቀንሰው ቁማር ነው። ኩላሊት ሲከዳ ደግሞ አይጮህም፤ ደህና ነኝ እያልክ ያልቅብሃል።

በስልክ ስለምታመልጠኝ ነው ወደ እናንተ በሚመጣው የአውቶቡስ ሹፌር እጅ ደብዳቤ የላክሁት። ተቀየምከኝ? ተቀየም። ዛሬውኑ ክሊኒክ ሂድ፤ ካልሄድክ ቅዳሜ መጥቼ እጅህን ይዤ እወስድሃለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ሱቅህ መካከል ቆሜ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፤ መንገደኛውም ይሳቅብኝ።

የሰጠሁህን አልቆጥርብህም። ግን ይህችን ካጣሃት የቀረችኝን ውሰድ እንደምልህ ታውቃለህ፤ ሐኪሞቹ ደግሞ እንቢ ይሉኛል። ያኔ ምን ይውጠኛል?

ፈጣሪ ዕድሜህን ያርዝመው። እጅህ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን እርጅናህን ያሳየኝ።

እህትህ
እታለም