የአቶ ገብረሕይወት መስኮት

ጥቅምት 7 ቀን 2006

ሥራ ቀዝቅዟል። ጠዋት የአንድ ሚኒባስ በር ቀጠቀጥኩ፣ በቃ።

ከሰዓት ወይዘሮ ኣረጋሽ መጡ። ቤታቸው ከጋራዤ ፊት ለፊት ነው። ያቺን አሮጌ መኪናቸውን ሊያሠሩ። አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቶላቸው የሄዳት ናት፤ ውስጧ አልጋም ምድጃም ቁም ሣጥንም አላት። በዕድሜ ከኔ አታንስም። ሞተሯ ግን ደህና ነው።

የፈለጉት የጋቢናው የቀኝ መስኮት እንዲሰፋ ነው። ባላቸው አቶ ገብረሕይወት የሚቀመጡበት በኩል። ሰውየው ከመቀሌ ደሴ ሠላሳ ዓመት አውቶብስ የነዱ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፣ ንግግራቸውም ከአንድ ቃል አያልፍም ይባላል። በሳምንት ሁለቴ ሐኪም ቤት የሚያመላልሷቸው ሴትዮዋ ናቸው፣ ራሳቸው እየነዱ። ሲደክማቸው ኋላ አልጋው ላይ ያስተኟቸዋል።

ሰውየው በወጡ ቁጥር ያቺን መስኮት በእጃቸው እየመቱ ይነጫነጫሉ አሉ። አይታያቸው ይሆናል…

እሺ አልኩ። ስንት መኪና ቆርጫለሁ።

ጥቅምት 10

በአቶ ገብረሕይወት ወንበር ተቀምጬ ለካሁ። በጣም ዝቅ ያለ ነው። መስኮቷ የመሶብ ክዳን አታክልም። ሰማይና የመብራት ሽቦ ታየኝ።

ሓድጉ ዘንድ ሄድኩ፣ ያረጀ መኪና እየፈታ የሚሸጠው። ከአንድ የተገለበጠ አውቶብስ የወጣ የጎን መስታወት አለው። ልኩን በካርቶን ወሰድኩ። የመኪና መስታወት አይቆረጥም፤ ከነኩት ይበተናል። ብረቱን ነው ለመስታወቱ የሚቆርጡለት። ይኼን ያልገባው ባትላሜራ ብዙ መስታወት ጠርጓል። እኔም በወጣትነቴ ሁለት።

ጥቅምት 14

ቆረጥኩ። ጣራው እንዳይላላ ዙሪያውን ብረት በየድኩለት። ሰላም ነው።

ግሪንደሩን ሳጠፋ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰውየውን ከታመሙ ወዲህ አላየኋቸውም። ጎረቤት ሆኜ! ሁለቴ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ሁለቴም ሴትዮዋ በሩን ገርበብ አድርገው "ተኝቷል" አሉኝ። ከዚያ ተውኩት። ሰፈሩም ተወው መሰለኝ። የግቢው በር ሁሌ ዝግ ነው፣ መኪናዋም ገና ጎህ ሲቀድ ነው የምትወጣው።

ጥቅምት 17

መስታወቱ ገባ። ጠርዙን ጎማ አለበስኩት፣ በጎማው ቦይ ሲባጎ አዞርኩበት፣ በሳሙና ውሃ አረጠብኩ። ባለቤቴ ኡሙሀኒ ከውጭ በመዳፏ ትገፋለች፣ እኔ ከውስጥ ሲባጎውን እስባለሁ። ጎማው እየተገለበጠ ቁጭ አለ። አንድ ጭረት የለውም። ኡሙሀኒ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ "አሁን መኪና መሰለች" አለች። ደስ አለኝ።

ጥቅምት 18

ወይዘሮ ኣረጋሽ አይተው መረቁኝ። ከዚያ ጥቁር ላስቲክ ለጥፍበት አሉ። ለፀሐይ ነው ብዬ ቀለል ያለውን አመጣሁ። አይ፣ ከባዱን አሉ። እሱ ሰው ይይ፣ ሰው ግን እሱን አይይብኝ አሉ።

መስኮት አስፍቶ መሸፈን… ባለ ንብረቷ እሳቸው ናቸው። ምን አገባኝ?

ጥቅምት 19

ለጠፍኩ። ከውጭ ሲያዩት የራስ ፊት ብቻ ነው የሚታየው።

ጥቅምት 26

መኪናዋ ተመለሰች። ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ተቀዷል፣ የመዳፍ ያህል። ሴትዮዋ ማጣበቂያህ አይረባም አሉኝ። ቅር አለኝ። ሃያ ዓመት ስሠራ ማጣበቂያ ለቆብኝ አያውቅም። አዲስ ለጠፍኩ።

ኅዳር 1

እንደገና! እዚያው ቦታ፣ በዓይን ትክክል። ዛሬ ከሐኪም ቤት በቀጥታ ነው የመጡት፣ ስለዚህ አቶ ገብረሕይወት ጋቢና ውስጥ ነበሩ። ከስተዋል። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄዷል። እኔ የማውቀው ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነበር። ደነገጥኩ፣ ለምን እዋሻለሁ።

የግራ እጃቸውን አየሁ። በጥፍራቸው ሥር ጥቁር ላስቲክ አለ። በደረታቸው ላይ እጃቸውን አሻግረው ነው የሚፍቁት።

በሹፌሩ በኩል ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "ኣቦይ" አልኩ፣ ጨለመብዎት እንዴ? ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አይደለም። ውጭው በደንብ አልታይ ብሎዎት ነው? አይደለም። ሌላ ምን እጠይቃለሁ? ጠበቅሁ። ከንፈራቸው ብዙ ታገለ።

"ይርኣዩኒ።"

ይዩኝ ማለታቸው ነው። ለካ መስኮቷን ሲመቱ የከረሙት ለዚህ ነው። ለማየት መስሎን…

ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። ፊታቸው ተለዋወጠ። "ኸድር ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አንተ አታውቅም" አሉኝ። "መናኸሪያ ሲገባ ሰው ተሻምቶ ነበር ሰላም የሚለው። ያንን የሚያውቅ ሰው አሁን ምራቁ ሲወርድ ይየው? ከንፈር ይምጠጥበት? እኔ አለሁ አይደል፣ እኔ አልበቃውም?" አለቀሱ። ክፋት አልነበረም። ለሦስት ዓመት ክብራቸውን የጠበቁላቸው መስሏቸው ነው።

ምን ይባላል? እኔ ብረት ቀጥቃጭ ነኝ። ምላጭና የሳሙና ውሃ አምጥቼ ዘረጋሁላቸው። እኔ አዲስ አልለጥፍም፣ ይኼንንም አልልጥም፣ እርስዎ ያውቃሉ አልኩ። ምላጩን ሳይቀበሉ መኪናዋን አስነስተው ሄዱ።

አበዛሁት ይሆን?

ኅዳር 2

ለኡሙሀኒ ነገርኳት። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አለች። የደበቁት እሳቸው አይደሉም፣ ሚስታቸው ናቸው አልኳት። "እኛስ? ሁለቴ ተኝቷል ስላሉህ በዚያው ቀረህ" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሥራ አልያዘልኝም።

ኅዳር 5

ምንም የለም። በሩ ዝግ ነው።

ኅዳር 9

ጠዋት አንድ ኩርባ ላሜራ ሳቃና ወይዘሮ ኣረጋሽ መጡ። ነጠላቸው ተንሸራቷል፣ ጣታቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ምላጭ ነው አሉ፣ ላስቲኩን ሲልጡ። ምላጭ ከየት እንዳገኙ አልጠየቅኩም።

ትናንት ረፋዱ ላይ በሓወልቲ ሰፈር በኩል ሲያልፉ አንድ የአቶ ገብረሕይወት የቀድሞ የአውቶብስ ረዳት መስኮቱ ውስጥ አያቸውና መኪናዋ ፊት ቆመ። ሞተዋል ሲባል ሰምቶ፣ ነፍሳቸውን ይማር ብሎ፣ ሐዘን ሁሉ ተቀምጦላቸው ነበር። ከዚያ ሌላው መጣ፣ ከዚያ ሌላው። የጋቢናውን በር ከፍተው እጅ እየያዙ፣ ትከሻ እየሳሙ… የሐኪም ቤቱ ሰዓት አለፈ። እሳቸውስ ምን አሉ? አልኩ። ስም እየጠሩ ነበር አሉኝ። የሁሉንም ስም፣ አንድ በአንድ።

ከንፈር የመጠጠ አልነበረም? ነበር አሉ፣ ሁለት ሦስት።

ለመስታወቱ መጥተው መስሎኝ መሣሪያዬን ሳነሳ፣ አይ፣ ኡሙሀኒ የለችም ወይ አሉኝ። ቤታቸው ከንጋት ጀምሮ ሰው ሞልቷል። ኩባያ አንሷቸው ነው።

ኡሙሀኒ ያለንን ሁሉ በትሪ ደርድራ ይዛላቸው ሄደች፣ እኔም ተከተልኩ። ስመለስ ሻዬን በጣሳ ጠጣሁ።