አያ ላቀው አልሞትም አሉ

ሄለንዬ፣ ዳባት ነኝ። ብርዱ እንደ ሐዋሳችን እንዳይመስልሽ፤ ቀትር ላይም ጋቢ ደርቤ ነው የምቀርፀው።

ታምሜ ተኝቼ የጻፍኩት ፊልም ትዝ ይልሻል? ታማሚው አባት መጨረሻ ላይ ይሞታል። አባትየውን የሚጫወቱት አያ ላቀው የሚባሉ የዚሁ አገር ሽማግሌ ናቸው። ዛሬ መሞቻቸውን ልንቀርፅ አልጋ ላይ ካስተኛናቸው በኋላ ድንገት ቀና አሉ። የእኔን ሕመም ነግሬያቸው ነበር።

«ምነው ልጄ፣ አንቺ ድነሽ የለም ወይ? እኔን ስለምን ትገድይኛለሽ?»

«እንግዲያስ ይነሱ!» አልኳቸው። ብርድ ልብሱን ገፍተው ደጅ ወጡና እስክስታውን አቀለጡት! ጎረቤቱ እልል አለ። እኔም እየሳቅሁ፣ እያለቀስኩ ቀረፅኳቸው። ፊልሙ በዚሁ ያልቃል።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እማዬን ሳሚልኝ፤ ማንም ሳይለምነኝ እየበላሁ መሆኔን ንገሪያት።

ፀደንያ